«ሳሚ ጀግናዬ ነው»፦ ማይስፔስ ገጹን ለአባላቱ ሲለቅ የሆነው

ነገሩ የጀመረው በአንድ ፎቶ ነው። ማይስፔስ የሚባለው የማኅበራዊ ትስስር ድረ ገጽ አንድ አባል ገጹ ላይ እንዲሰቅል የሚፈቅደው 12 ፎቶ ብቻ ነበር። ሳሚ ካምካር የሚባል የ19 ዓመት ልጅ 13ኛ ፎቶ አማረው። ትንሽ ነካካና ሰቀለ። ቀጥሎ ዓይኑ የፍቅር ሁኔታ በሚሞላበት ቦታ ላይ አረፈ። እዚያ ላይ ከተሰጠው ዝርዝር መምረጥ እንጂ የራስን መጻፍ አይቻልም። እሱ ደግሞ «ትኩስ ፍቅር ላይ ያለ» እንዲልለት ፈለገ። ይሄንንም አደረገው። «ቆይ፣ ይሄ ከተቻለ ሌላ ምን ይቻላል?» ብሎ የተቀመጠው ከዚያ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2005 የጻፈውን ኮድ ገጹ ላይ ለቀቀው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ቀን ሳይሞላ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች ሳያውቁት የጓደኝነት ጥያቄ ላኩለት። በየገጻቸውም «ከሁሉም በላይ ግን ሳሚ ጀግናዬ ነው» የሚል መስመር ተጨመረ። ማይስፔስ ገጾቹን ለማጽዳት ድረ ገጹን መዝጋት ግድ ሆነበት። እንዲህ ራሱን እያባዛ የሚዛመት ኮድ «ትል» ይባላል።

የሳይበር ደኅንነት ሰዎች ይህን ታሪክ ደጋግመው ያነሱታል። እኔ የማየው ድረ ገጽ ከሚሠራው ወገን ሆኜ ነው። «አባላት የራሳቸው ገጽና ብሎግ ይኑራቸው፣ እንደፈለጉም ያስውቡት» የሚል ሥራ በመጣ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ይሄ ጉዳይ ነው። ብዙ ባልደረቦቼ ከዚህ ታሪክ የወሰዱት ነገር «ለተጠቃሚ ነፃነት ከሰጠህ ጉድህ ይፈላል» የሚል ነው። አልስማማም። ማይስፔስ የተሸወደው ነፃነት በመስጠቱ አይደለም። የአባሉን ጽሑፍና የራሱን ቤት ቁልፍ አንድ ክፍል ውስጥ በማስቀመጡ ነው።

በስህተት የተከፈተ በር

ማይስፔስ ሥራ የጀመረው በ2003 ነው። መሥራቾቹ ቶም አንደርሰንና ክሪስ ዴዎልፍ በጊዜው ስሙ ገንኖ የነበረውን ፍሬንድስተር የተባለ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ለመቅደም ይሮጡ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። በጥድፊያው መሃል አንድ ነገር ተረሳ። አባላት ስለራሳቸው የሚጽፉባቸው ሳጥኖች ተራ ጽሑፍ ብቻ መቀበል ሲገባቸው ኤችቲኤምኤልም፣ ማለትም ድረ ገጽ የሚጻፍበትን ኮድ፣ ይቀበሉ ነበር። ይሁን ብሎ የወሰነ ሰው አልነበረም። የደረሱበት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። «ስለ እኔ» የሚለው ሳጥን ውስጥ የስታይል ኮድ (ቀለምና አቀማመጥ የሚወስነውን) ከለጠፍክ ሳጥኑ ብቻ ሳይሆን የሙሉ ገጹ መልክ ይለወጣል።

ኩባንያው ነገሩን ሲያውቅ በሩን አልዘጋም። ሰዉ ወዶታል፣ ተወው። እንደኔ ትክክል ነበር። በ2006 ማይስፔስ በአሜሪካ የጎብኚ ብዛት ጎግልን እስከመብለጥ ሲደርስ፣ አንዱ ምክንያት ይኸው በስህተት የገባ ነፃነት መሆኑን አልጠራጠርም። ሌላ ቦታ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ካርድ ይሞላል። እዚህ ግን ክፍልህን ራስህ ቀለም ትቀባለህ።

ቀለሙ ያምር ነበር ወይ? እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ አያምርም። ጥቁር መደብ ላይ ጥቁር ወይንጠጅ ፊደል፤ ከኋላ የሚያብረቀርቅ ተንቀሳቃሽ ምስል፤ ገጹን ገና ስትከፍት ሳትጠይቀው የሚጮህ ዘፈን። ዘፈኑን ለማጥፋት ማጫወቻውን ስትፈልግ ደግሞ ከገጹ ግርጌ ተደብቆ ታገኘዋለህ። ግን ባለቤቱ ይኮራበታል። ኮዱን ከሌላ ቦታ ኮፒ አድርጎ፣ ቀለሟን ብቻ ቀይሮ፣ ሲበላሽ ደግሞ የቱ መስመር እንዳበላሸው እየፈለገ ነው የሠራው። በዚህ መንገድ የመጀመሪያ ኮዳቸውን የነኩ ልጆች ቁጥር ቀላል አይደለም። ዛሬ አብረውኝ ከሚሠሩት መካከልም አሉ።

ሠሪዎች ብዙም የማያነሱት ሌላ ጣጣ አለ። የማይስፔስ ገጽ የተገነባው ቴብል (ሠንጠረዥ) ውስጥ ቴብል፣ እሱም ውስጥ ሌላ ቴብል በመክተት ነበር። የገጹ ክፍሎች አብዛኞቹ የራሳቸው መጠሪያ የላቸውም። ስለዚህ አባላቱ ስታይል ሲጽፉ «ቴብል ቴብል ቴብል ቲዲ» እያሉ ነበር ቦታውን የሚያመለክቱት። «ከሦስተኛው ቴብል ውስጥ ያለው ሴል ጥቁር ይሁን» እንደማለት ነው። አሁን አስቡት። ከኩባንያው መሐንዲሶች አንዱ ገጹን ላጽዳው ብሎ አንድ ቴብል ቢያነሳ ስንት ሰው ያስዋበው ገጽ በአንድ ሌሊት ይፈርሳል? አባላቱ የጻፉት ስታይል ማንም ሳይፈርምበት ውል ሆነ። የገጽህን አሠራር ለአባላት ክፍት ስታደርግ የራስህን ኮድ የመቀየር መብትህን አብረህ ትሰጣለህ። የምትሰጠውን መርጠህ ካልሰጠህ ሁሉንም ሰጥተሃል።

ማስታወቂያም ነበር። ማይስፔስ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። ስታይል መጻፍ የሚችል አባል ደግሞ በአንድ መስመር ማስታወቂያውን መሰወር ይችላል። ኩባንያው ማስታወቂያ መሸፈን ክልክል ነው ብሎ በደንቡ ላይ ጻፈ። ደንብ ግን ኮድ አይደለም።

ትሉ የሄደበት መንገድ

በ2005 ክረምት፣ በጁላይ ወር፣ ኒውስ ኮርፖሬሽን ማይስፔስን በ580 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። በዚያን ጊዜ በሩ እንደ መጀመሪያው ወለል ብሎ የተከፈተ አልነበረም። ፊልተር ነበር። አደገኛ የተባሉ ነገሮች በዝርዝር ተይዘው አባሉ ከሚጽፈው ውስጥ እየተለቀሙ ይወጣሉ። የስክሪፕት ታግ፣ ማለትም ብራውዘሩ ኮድ እንዲያስኬድ የሚያዘው ምልክት፣ አይፈቀድም። «ሲጫን ይህን አድርግ» ዓይነት ትእዛዞችም አይፈቀዱም። የኮዱ ቋንቋ ስም የሆነው «ጃቫስክሪፕት» የሚለው ቃል ራሱ ከተገኘ ይፋቃል። ወረቀት ላይ ሲታይ ጥሩ ነው።

ሳሚ ይህን ፊልተር እንዴት እንዳለፈው በኋላ ራሱ ደረጃ በደረጃ ጽፎታል። አንድ በአንድ ማየቱ ይጠቅማል።

ከተፈቀዱት ጥቂት ታጎች አንዱ ዲቭ ነበር፤ የገጹን አንድ ክፍል የሚይዝ ሳጥን ማለት ነው። ዲቭ ስታይል ይይዛል። ስታይል ውስጥ የጀርባ ምስል አድራሻ ይጻፋል። የዚያን ጊዜ አንዳንድ ብራውዘሮች፣ በተለይ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር፣ በአድራሻው ቦታ ኮድ ቢያገኙ ያስኬዱት ነበር። ምስል ላምጣ ብለው ሄደው ትእዛዝ ተቀብለው ይመለሳሉ። የዛሬ ብራውዘሮች ይሄን ትተዋል።

ግን «ጃቫስክሪፕት» የሚለው ቃል ይፋቃል አላልንም? ልጁ «ጃቫ» ብሎ ጻፈ፣ ኢንተር ተጫነ፣ «ስክሪፕት» ብሎ ቀጠለ። ፊልተሩ ቃሉን በሙሉ ስለማያገኝ ያሳልፈዋል። ብራውዘሩ ደግሞ መሃል ያለችውን የመስመር መዝለያ ከቁብ ሳይቆጥር ሁለቱን ገጥሞ ያነባቸዋል። በቃ። አንዲት ኢንተር።

ቀጥሎ ጥቅስ አለቀበት። ነጠላውም ድርቡም ጥቅስ ስታይሉን ለመጻፍ ውለዋል፤ ኮዱ ውስጥ የሚጠቀምበት አልቀረውም። ስለዚህ ዋናውን ኮድ እዚያው ዲቭ ላይ በፈጠረው ባዕድ ባሕርይ ውስጥ አስቀመጠና ስታይሉ «ሂድና እሱን አምጥተህ አስኪድ» ብቻ እንዲል አደረገ። ኮዱ መሃል ድርብ ጥቅስ ሲያስፈልገው ምልክቱን ሳይጽፍ፣ 34 የሚለውን የፊደል ቁጥሩን ሰጥቶ ራሱ ኮዱ እንዲፈጥረው አደረገ። ሌሎች የተከለከሉ ቃላትንም ለሁለት ቆርጦ፣ ኮዱ በሚሮጥበት ሰዓት እንዲጋጠሙ አደረጋቸው።

ልብ ካላችሁ ከእነዚህ ዘዴዎች አንዱም የረቀቀ ሂሳብ የለበትም። ፊልተሩ ቃል ይለቅማል፤ ብራውዘሩ ትርጉም ያነባል። ሁለቱ አንድን ጽሑፍ በተለያየ ዓይን እስካነበቡት ድረስ በመሃላቸው የሚያልፍ አይጠፋም።

ኮዱ ከገባ በኋላስ? አንድ ሰው የሳሚን ገጽ ሲከፍት ኮዱ በዚያ ሰው ብራውዘር ላይ፣ በዚያ ሰው ስም ይሮጣል። ሰውየው ሎጊን ስላደረገ ድረ ገጹ ያምነዋል። ኮዱ ለሳሚ የጓደኝነት ጥያቄ ይልካል። የሰውየውን ፕሮፋይል ይከፍትና የጀግናውን መስመር ይጨምራል። ራሱንም እዚያው ይገለብጣል። ከዚህ በኋላ የዚያን ሰው ገጽ የሚከፍት ሁሉ ተራው ይደርሰዋል።

ማይስፔስ አንድ ተጨማሪ መከላከያ ነበረው። ጓደኛ ለመጨመር የሚላከው ፎርም ውስጥ በየጊዜው የሚለዋወጥ የዘፈቀደ ኮድ፣ ዛሬ ቶክን የምንለው፣ ነበረ። ሌላ ድረ ገጽ በአባሉ ስም ፎርም እንዳይልክ ይከላከላል። ግን የሳሚ ኮድ የሚሮጠው ከውጭ ሆኖ አይደለም። እዚያው ቤት ውስጥ ነው። ቶክኑ ያለበትን ገጽ ይከፍታል፣ ቶክኑን ያነባል፣ ከፎርሙ ጋር ይልከዋል። ዘበኛው ውጭ በር ላይ ቆሟል፤ ሌባው ሳሎን ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመኝ ግን የመጨረሻው ነው። የአባላት ፕሮፋይል የሚከፈተው «ፕሮፋይል» ብሎ በሚጀምር ሰብዶሜይን (የዋናው አድራሻ ቅርንጫፍ) ላይ ነበር። ጓደኛ መጨመርና ፕሮፋይል ማስተካከል ደግሞ በዋናው የሦስት ደብልዩ አድራሻ ላይ። ብራውዘሮች አንድ ጥብቅ ሕግ አላቸው፦ በአንድ አድራሻ ላይ የሚሮጥ ኮድ የሌላ አድራሻን ገጽ ማንበብ አይችልም። ሰብዶሜይኑ ከተለየ አድራሻው ሌላ ነው። እንግዲህ ይህች ሕግ ብቻዋን ትሉን ባለበት ማስቀረት ነበረባት። ማይስፔስ ሳያስበው ትክክለኛውን ግንብ ሠርቷል!

ነገር ግን ያው ፕሮፋይል በዋናው አድራሻም ቢጠራ ይከፈታል። ሁለት በር። የሳሚ ኮድ ገና ሲነሳ የት እንዳለ ያያል፦ በፕሮፋይል አድራሻ ላይ ከሆነ ጎብኚውን ወደዚያው ገጽ በዋናው አድራሻ በኩል ይመልሰዋል። ጎብኚው ገጹ ድጋሚ የተከፈተ ይመስለዋል እንጂ ምንም አያይም። ግንቡ ታለፈ።

ሳሚ ሌሊት ለቆት ተኛ። ጠዋት ሲነሳ 221 የጓደኝነት ጥያቄ ጠበቀው። ከአንድ ሰዓት በኋላ 480 ሆነ። ወደ ከሰዓት ሺዎች፣ አመሻሽ ላይ ሚሊዮን። እያንዳንዱ የተነካ ገጽ ጎብኚዎቹን ስለሚነካ፣ እነሱም የራሳቸውን ጎብኚዎች ስለሚነኩ ቁጥሩ እየተደመረ ሳይሆን እየተባዛ ነው የሄደው። ልጁ በጃንዋሪ 2007 ሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ጥፋቱን አምኖ የሦስት ዓመት የገደብ ቅጣት፣ የ90 ቀን የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ ካሳና የኮምፒውተር አጠቃቀም ገደብ ተወሰነበት። ኋላ ላይ በደኅንነት ምርምር የታወቀ ሰው ሆኗል።

ቀልደኛው ሄዶ ሌባው ሲመጣ

ሳሚ ምስጢር አልሰረቀም። ቢፈልግ ግን የአባላቱን የግል መልእክት ከማንበብ የሚያግደው ነገር አልነበረም። ቀልደኛ ስለሆነ ብቻ ነው የተረፉት። በቀጣዩ ዓመት የመጡት ግን ለቀልድ አልመጡም።

በኦክቶበር 2006 አንድ ሰው «ሎጊን_ሆም_ኢንዴክስ_ኤችቲኤምኤል» የሚል የአባልነት ስም ይዞ ማይስፔስ ላይ ተመዘገበ። ስሙ የገጹ አድራሻ ሆነ። ከዚያ ገጹን በስታይል አስውቦ የማይስፔስን መግቢያ አስመሰለው። ዋናውን ይዘት ሰወረ፣ የሎጊን ፎርም ተከለ። ሰዎች አድራሻውን ሲያዩ ማይስፔስ ነው፤ ውሸትም አይደለም። ፓስወርዳቸውን ሞሉ። ፓስወርዱ ወደ ሌላ ሰርቨር ሄደ። ከተሰበሰበው ውስጥ የደኅንነት ባለሙያው ብሩስ ሽናየር 34,000 ያህሉን አግኝቶ ሲተነትን፣ በብዛት የተገኘው ፓስወርድ «ፓስወርድ1» ሆኖ አረፈ። ይሄን ስሰማ መሳቅም ማዘንም ያቅተኛል።

በዲሴምበር ደግሞ በኩዊክታይም ቪዲዮ ውስጥ ተደብቆ የሚዛመት ሌላ ትል መጣ። እሱ የገጹን የላይኛ ሜኑ በራሱ ሜኑ ተክቶ ሰዎችን ወደ ሐሰተኛ መግቢያ ይወስድ ነበር።

ሐሰተኛውን የመግቢያ ገጽ ልብ በሉት። ስክሪፕት አላስፈለገውም። የተፈቀደ ኤችቲኤምኤል፣ የተፈቀደ ስታይልና ማንም ያልከለከለው የአባል ስም፣ እነዚህ በቂ ነበሩ።

እኔ ዛሬ ብሠራው

እንዲህ ያለ ሥራ ሲመጣልኝ ስለ መልክ ከማውራቴ በፊት የምጠይቀው አድራሻ ነው። የአባላት ገጽ የት ነው የሚኖረው? መልሱ «ሎጊን በሚደረግበት አድራሻ ላይ» ከሆነ ሌላው ሁሉ ጥገና ነው። የብሎግ ድረ ገጹ ላይቭጆርናል ይህን በ2006 መጀመሪያ ላይ ተምሮታል፤ የአባላት አካውንት ከተጠለፈ በኋላ የየአባሉን ብሎግ በየራሱ ሰብዶሜይን ላይ አደረገው። የፕሮግራመሮች ኮድ ማስቀመጫ የሆነው ጊትሀብ ደግሞ በኤፕሪል 2013 አንድ እርምጃ ሄዶ የአባላትን ገጾች ከነጭራሹ ወደ ሌላ ዶሜይን አወጣቸው። ምክንያቱ ኩኪ ነው፤ ድረ ገጽ አባሉን ለማስታወስ ብራውዘሩ ላይ የሚያስቀምጠው ትንሽ መረጃ። አንድ ሰብዶሜይን የራሱን ብቻ ሳይሆን የወላጁን ዶሜይን ኩኪም መጻፍ ይችላል። ያ ወላጅ ሎጊን የሚደረግበት ዋናው ድረ ገጽ ከሆነ ችግር ነው። ስለዚህ ሌላ ዶሜይን መግዛት ይሻላል። ያንን ዶሜይን ብራውዘሮች በሚያውቁት የጋራ ዶሜይኖች ዝርዝር ውስጥ ካስመዘገባችሁት፣ አባላቱ አንዱ የሌላውን ኩኪ እንዳይነካ ብራውዘሩ ራሱ ይጠብቅላችኋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ያው ገጽ በሁለቱም አድራሻ እንዳይከፈት። ማይስፔስን አስታውሱ። በዋናው አድራሻ የመጣ ጥያቄ ካለ ወደ አባሉ አድራሻ መመለስ አለበት እንጂ ይዘቱን ማሳየት የለበትም። ይህን በየወሩ የሚፈትሽ ትንሽ ቴስት ጻፉ፤ አንድ ቀን አንዱ ባልደረባ «ለቅድመ እይታ ይመች» ብሎ መልሶ መክፈቱ አይቀርም።

ፊልተሩን በተመለከተ ነገሩን መገልበጥ ነው። የሚከለከለውን መዘርዘር ማለቂያ የለውም፤ የሚፈቀደውን መዘርዘር ግን ያልቃል። ቃል መፋቅም ይቅር። አባሉ የጻፈው ልክ ብራውዘር እንደሚያነበው ተነቦ፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ወዳለው መዋቅር ተለውጦ፣ ከዛፉ ላይ የተፈቀዱት ቅርንጫፎች ብቻ ቀርተው፣ ውጤቱ እንደገና በእናንተ ኮድ ይጻፍ። ያኔ ወደ ገጹ የሚወጣው እናንተ የጻፋችሁት ነው። ይህን የሚሠሩ የተፈተኑ ላይብረሪዎች አሉ፤ ለጃቫስክሪፕት ዶምፒዩሪፋይ፣ ለፒኤችፒ ኤችቲኤምኤል ፒዩሪፋየር። የራሴን ልጻፍ የሚል ባልደረባ ካላችሁ ሻይ ጋብዙትና አስተዉት። አባሉ የጻፈውን ዋናውን ጽሑፍ ዳታቤዝ ውስጥ እንዳለ አስቀምጡት፤ የተጣራውን ቅጂ ለብቻ። ነገ ሕጉ ሲለወጥ ከዋናው እንደገና ማጣራት ትችላላችሁ። በዚያ ላይ ሲኤስፒ የሚባለውን የብራውዘር መመሪያ ጨምሩ። ኮድ ቢያመልጥ እንኳ ብራውዘሩ «ይህን ስክሪፕት አላውቀውም» ብሎ ይቆማል።

አሁን ወደ ማስዋቡ። ብዙ ሰው ስክሪፕት ከተከለከለ ስታይል ምንም አያመጣም ብሎ ያስባል። ያመጣል። በስታይል ሙሉ ስክሪኑን የሚሸፍን ሳጥን ተዘርግቶ ሐሰተኛ መግቢያ ይሠራል። የምስል አድራሻ ከተፈቀደ ገጹን የከፈተ ሰው ሁሉ አይፒ አድራሻው ወደ ሌላ ሰርቨር ይደርሳል። የባሰም አለ። ስታይል «ይህ ሳጥን ውስጥ ያለው ጽሑፍ በ‹ሀ› ከጀመረ ይህን ምስል አምጣ» ማለት ይችላል። እንዲህ እያለ ፊደል በፊደል፣ ያንን የምንኮራበትን ቶክን ሊያወጣ ይችላል፤ አንድም መስመር ስክሪፕት ሳይጻፍ።

አንድ የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ለአንድ የማኅበረሰብ ድረ ገጽ የአባላት ገጽ ስሠራ ስታይሉን በደንብ አጣርቼ ነበር። የውጭ አድራሻ የለ፣ ሸፋኝ ሳጥን የለ። ደስ ብሎኝ ለቀቅኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዲት አባል «የሚሳደበኝን ሰው ሪፖርት ማድረግ አልቻልኩም፣ ቁልፉ የለም» ብላ ጻፈች። ገብቼ ሳይ ሰውየው በገጹ ላይ ያለውን የሪፖርት ቁልፍ በአንድ መስመር ስታይል ሰውሮታል። ድረ ገጹ ምንም አልተጠለፈም፤ የተፈቀደለትን ነው ያደረገው። ከዚያ ወዲህ ሪፖርት፣ ማገድና የድረ ገጹ ዋና ሜኑ ያሉበትን ፍሬም የአባሉ ስታይል ከማይደርስበት ውጭ አስቀምጣለሁ። የአባሉ ገጽ እዚያ ውስጥ እንደ ሥዕል በፍሬም ይገባል።

ስለዚህ ምን ያህል ነፃነት? እኔ በደረጃ ነው የምሰጠው። ሁሉም አባል ቀለም፣ የፊደል ዓይነት፣ የጀርባ ምስልና የክፍሎች አቀማመጥ ይመርጣል። እነዚህ ስም ያላቸው ተለዋዋጮች ናቸው፤ «የርዕስ ቀለም»፣ «የመደብ ቀለም»። ከሥር ያለውን አሠራር ብለውጥ የአባሉ ምርጫ አይፈርስም። የ«ቴብል ቴብል ቴብል» ጣጣ በዚህ ይቀራል። ፊደሉና መደቡ እንዳይዋዋጡም የንፅፅር መጠኑ ከ4.5 ለ1 በታች ሲወርድ ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ማስጠንቀቂያ ነው፣ ክልከላ አይደለም፤ የገዛ ገጹን በጨለማ መደበቅ የፈለገ መብቱ ነው። ከዚህ በላይ መሄድ ለሚፈልጉት የተጣራ ስታይል መጻፊያ ሳጥን አለ። የሚጠቀሙት ጥቂቶች ናቸው። ግን ሌሎቹ የሚገለብጡት ከነሱ ነው፤ ማኅበረሰቡን ነፍስ የሚዘሩበት እነሱ ናቸው። ይህን ሳጥን «ጥቂት ሰው ነው የሚጠቀመው» ብሎ ማጥፋት ትልቅ ስህተት ነው።

ብሎጉ ግን ሌላ ነገር ነው። ፕሮፋይል ሳሎን ነው፣ ብሎግ ደብዳቤ ነው። አባሉ የጻፈው ጽሑፍ ከገጹ ወጥቶ ወደ ኢሜይል፣ ወደ አርኤስኤስ (የብሎግ መከታተያ) ማንበቢያ፣ ወደ ትንሽ ስልክ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ ወይንጠጅ መደቡ አብሮት የለም፤ ነጭ ፊደሉ ብቻ ነጭ ላይ ይቀራል። ስለዚህ በጽሑፉ ውስጥ ቀለም አልፈቅድም። ደማቅ፣ ሰያፍ፣ ሊንክ፣ ምስል፣ ጥቅስ፣ ዝርዝር፣ ይበቃል። ጌጡ በገጽታው ላይ ይቀመጥ፣ ጽሑፉ ንጹሕ ይሁን። ላይቭጆርናል ይህን በጊዜው ጥሩ አድርጎ ለይቶት ነበር። በዚያ ላይ አንባቢው የሌላውን ሰው ጽሑፍ በራሱ ገጽታ እንዲያነበው ይፈቅድ ነበር። ይቺን ሐሳብ ሰርቄያታለሁ። በእያንዳንዱ አባል ገጽ ጥግ ላይ «ያለ ጌጥ አሳየኝ» የምትል ትንሽ ቁልፍ አስቀምጣለሁ። ዓይኑ የደከመ፣ ኢንተርኔቱ የዘገየ ወይም በቃ ያልወደደለት ሰው ይጫናታል፤ የገጹ ባለቤት አያውቅም፣ አይቀየምም።

ዘፈን በራሱ አይጀምርም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

የአባል ስም የመጨረሻው ነው፤ ብዙዎች የሚረሱትም እሱ ነው። ስም አድራሻ ከሆነ ስም ሥልጣን ነው ማለት ነው። መግቢያ፣ ምዝገባ፣ እርዳታ፣ ክፍያ፣ አስተዳዳሪ፣ ደኅንነት፣ የድረ ገጹ የራሱ ስም፣ እነዚህ ሁሉ ከነልዩ ልዩ አጻጻፋቸው መጀመሪያውኑ መያዝ አለባቸው። ሰረዝና ነጥብ ተጨምሮባቸውም ጭምር። እስቲ የምትሠሩበት ድረ ገጽ ካለ አሁኑኑ ግቡና «ሎጊን» በሚል ስም አዲስ አካውንት ለመክፈት ሞክሩ። ከተከፈተላችሁ አካውንቱን አትዝጉት፤ ሌላ ሰው እንዳይወስደው እናንተው ያዙትና ሥራ ጀምሩ።